አማርኛችሁ ፕሪንት ሲደረግ ሳጥን፣ የጥያቄ ምልክት ወይም የላቲን ትርምስ ሆነ? መልኩን አይታችሁ ችግሩን ለዩ

ማመልከቻችሁን ስልካችሁ ላይ በአማርኛ ጻፋችሁ፣ በቴሌግራም ወደ ኮፒ ቤቱ ላካችሁ፣ ልጁም ፕሪንት አደረገው። የወጣው ወረቀት ግን ከላይ እስከ ታች ባዶ ሳጥን ነው። የማመልከቻው ጊዜ ደግሞ ዛሬ 11 ሰዓት ላይ ያበቃል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ወይ ሌላ ኮፒ ቤት ይሮጣል፣ ወይ ከፍሎ እንደ አዲስ ያስተይባል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሁለቱም አያስፈልግም።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ የተበላሸው ጽሑፍ መልኩ ራሱ ችግሩ የት እንዳለ ይናገራል።

• ባዶ ሳጥን ከሆነ ጽሑፉ አለ፣ ፎንቱ ነው የሌለው።
• የላቲን ፊደል ትርምስ ከሆነ ጽሑፉ አለ፣ የተነበበበት መንገድ ነው የተሳሳተው።
• የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን በዚያ ፋይል ውስጥ ጽሑፉ ጠፍቷል።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት አንድ ህግ ያዙ፦ ፋይሉ ተበላሽቶ ከተከፈተ ሴቭ አታድርጉት። ሳታስቀምጡ ዝጉት። ሊድን የሚችል ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በዚያች «ሴቭ» ነው።

መጀመሪያ ሦስት ነገሮችን እንለይ

ኮምፒውተርም ሆነ ስልክ «ሰ» የምትባል ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ይሰጣል። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። «ሀ» 1200፣ «ለ» 1208፣ «ሐ» 1210 እያለ ይቀጥላል (በኮምፒውተሮች ባለ 16 ቤት አቆጣጠር)።

ፎንት ማለት ያንን ቁጥር ወደ ቅርጽ የሚቀይረው ፋይል ነው። ፎንቱ ውስጥ የ1230 ቅርጽ ከሌለ «ሰ» አትታይም።

ኢንኮዲንግ ደግሞ ቁጥሩ ፋይል ውስጥ የሚቀመጥበት መንገድ ነው። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ዩቲኤፍ-8 ነው፤ በእሱ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ይቺን ቁጥር ያዟት፣ ወደ ኋላ ትጠቅመናለች።

ምልክት 1፦ ባዶ ሳጥን □□□□

ምክንያቱ፦ ማሽኑ ወይም ፕሮግራሙ የግዕዝ ፊደል ያለበት ፎንት አላገኘም። ጽሑፋችሁ ግን ሙሉ ነው።

ማረጋገጫ፦ ሳጥኑን ኮፒ አድርጋችሁ ስልካችሁ ላይ ቴሌግራም ውስጥ ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከመጣ የጎደለው ፎንት ብቻ ነው።

መፍትሔ፦
• ጽሑፉን መርጣችሁ ፎንቱን ቀይሩ። ዊንዶውስ ላይ ከቪስታ ጀምሮ ኒያላ ነበር። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ኤብሪማም የግዕዝ ፊደል ይዟል። ማክ ላይ ከፋ የሚባለው ፎንት አለ።
• ምንም ካልተገኘ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል ያውርዱላችሁ። ሦስቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው። ከተጫነ በኋላ ፕሮግራሙን ዘግቶ መክፈት አይረሳ።
• አብዛኛው አማርኛ ሆኖ የተወሰነ ፊደል ብቻ ሳጥን ከሆነ ፎንቱ አሮጌ ሊሆን ይችላል። በኋላ የተጨመሩ ፊደሎች አሉ፤ ለምሳሌ ለጉራጊኛ አጻጻፍ የሚያገለግሉ ፊደሎች እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኒኮድ ውስጥ ገብተዋል። ከዚያ በፊት የተሠራ ፎንት እነሱን አያውቃቸውም።

ምልክት 2፦ በየሦስት ፊደሉ አንድ ዓይነት የላቲን ፊደል

ጽሑፉ የማይነበብ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኗል እንበል። ጠጋ ብላችሁ እዩት፦ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት ትንሿ የላቲን «ኤ» እየደጋገመች ትመጣለች?

ምክንያቱ፦ ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 ነው፣ ፕሮግራሙ ግን በአሮጌው የምዕራብ አውሮፓ ኢንኮዲንግ አነበበው። አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ነው ብለናል። ያ ፕሮግራም እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ሲቆጥረው አንዱ «ሰ» ሦስት ምልክት ይሆናል። የመደበኛው የአማርኛ ፊደል ሁሉ የመጀመሪያ ባይት ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፤ እሱም ያቺ ጭረት ያለባት «ኤ» ናት።

መፍትሔ፦ የተበላሸውን ጽሑፍ ለማስተካከል አትልፉ፤ ዋናውን ፋይል በትክክለኛው ኢንኮዲንግ እንደገና ክፈቱት።
• ኖትፓድ፦ ፋይል፣ ኦፕን፤ ከታች ባለው የኢንኮዲንግ ምርጫ ዩቲኤፍ-8።
• ኤክሴል፦ የሲኤስቪ ፋይሉን ሁለት ጊዜ ተጭናችሁ አትክፈቱት። ባዶ ገጽ ክፈቱ፤ ዳታ፣ ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ፤ ፋይል ኦሪጂን የሚለው ላይ 65001 ዩኒኮድ ዩቲኤፍ-8 ምረጡ።

የተበላሸውን ጽሑፍ ኮፒ እያደረጋችሁ አታዙሩት። ከ«ፀ» ጀምሮ ያሉት «ፈ»፣ «ፐ»፣ አራት ነጥብና የግዕዝ ቁጥሮች በዚያ አሮጌ ኢንኮዲንግ የሚታይ ቅርጽ የሌለው ባይት አላቸው። ያ ባይት ሲገለበጥ በቀላሉ ይጠፋል። በኋላ ጽሑፉ ተስተካከለ ስትሉ «ተፈራ» የሚለው ስም ፊደል ጎድሎበት ታገኙታላችሁ።

ምልክት 3፦ ፎንቱ ሲቀየር የላቲን ፊደል የሚሆን የድሮ ሰነድ

ቢሮ ውስጥ ወይም ቤት ያለ አሮጌ ፋይል ስትከፍቱ የእንግሊዝኛ ፊደል ትርምስ ይታያል፤ ያቺ ጭረት ያለባት «ኤ» ግን በየሦስቱ አትደጋገምም። ወይም ኮምፒውተሩ ላይ አማርኛ ነው፣ ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉት ትርምስ ይሆናል።

ምክንያቱ፦ ሰነዱ የተጻፈው ዩኒኮድ ባልሆነ ፎንት ነው። ከዩኒኮድ በፊት የአማርኛ ፎንት ሠሪዎች የላቲን ፊደሎችን ቦታ ወስደው በላያቸው የግዕዝ ቅርጽ አስቀመጡ። ያለው ቦታ 256 ብቻ ነበር። 33ቱ ፊደላት ከነእርባታቸው 231 ናቸው፤ እነ «ቋ»ና «ኳ»፣ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ አይበቃም። ስለዚህ አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈሉት። እያንዳንዱ ሠሪም የራሱን ቦታ መረጠ፤ በአንዱ ፎንት «መ» የሆነው ኮድ በሌላው ሌላ ፊደል ነው። የድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ፣ የቪዥዋል ግዕዝና የአጋፋሪ ፎንቶች ከዚህ ዘመን ናቸው።

ልብ በሉ፦ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በኋላ የዩኒኮድ ፎንትም አውጥተዋል። ስማቸው ላይ «ዩኒኮድ» የሚል አለበት። የፕሮግራሙ ስም አንድ ስለሆነ ብቻ ሰነዱ አንድ ዓይነት ነው ማለት አይደለም።

መፍትሔ፦
• ትርምሱን መርጣችሁ ዎርድ ላይ የፎንቱ ስም ምን እንደሚል እዩ፤ ጻፉት። የጽሑፉ ቁልፍ ያ ስም ነው። ሁሉንም መርጣችሁ ወደ ሌላ ፎንት ቀይራችሁ ሴቭ ካደረጋችሁ ቁልፉን ጣላችሁት ማለት ነው።
• ለዛሬ ማተም ብቻ ከሆነ፣ ያንኑ ፎንት ጭናችሁ ወይም ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ወደ ፒዲኤፍ ቀይራችሁ አትሙ።
• ለዘለቄታው፣ ለዚያው ፎንት በተሠራ መቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ አዙሩት። ሰነዱ ውስጥ እንግሊዝኛ ካለ ፎንት እየለየ የሚቀይር መሆን አለበት። አለበለዚያ እንግሊዝኛውንም የማይነበብ አማርኛ ያደርገዋል። ከተቀየረ በኋላ ስሞችንና ቁጥሮችን በዓይን አንብቡ።

ምልክት 4፦ የጥያቄ ምልክት ????

ምክንያቱ፦ አንድ ቦታ ላይ ጽሑፉ የግዕዝ ፊደልን በማያውቅ ኢንኮዲንግ ተቀምጧል። ፕሮግራሙ የማያውቀውን ፊደል ሁሉ «?» አድርጎ ጻፈው። «ሰላም»ም «???» ነው፤ «ቡና»ም «??» ነው። ከዚያ ወደ ኋላ የሚመልስ ፎንትም ሶፍትዌርም የለም።

መፍትሔ፦ ወደ ምንጩ ተመለሱ። በቴሌግራም የተላከው የመጀመሪያ ፋይል፣ ኢሜይል ላይ ያለው ቅጂ፣ ስልካችሁ ላይ የቀረው። ሲገኝ እንዳይደገም፦
• ኤክሴል ላይ «ሲኤስቪ» የሚለውን ሳይሆን «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን መርጣችሁ ሴቭ አድርጉ።
• አሮጌ ኖትፓድ «አንሲ» ብሎ ሊያስቀምጥ ሲል አንዳንድ ፊደል ይጠፋል ብሎ ያስጠነቅቃል። ሳታነቡ «ኦኬ» አትበሉ። ከዊንዶውስ 10 የ1903 እትም ወዲህ ኖትፓድ አዲስ ፋይል የሚያስቀምጠው በዩቲኤፍ-8 ነው።

ምልክት 5፦ ስክሪን ላይ ልክ ነው፣ ወረቀት ላይ ግን ተበላሽቷል

እዚህ ጋ ችግሩ ፋይሉና ማተሚያው መሀል ነው።
• ከፒዲኤፍ ስታትሙ ከተበላሸ፣ አዶቤ ሪደር ላይ ፕሪንት፣ አድቫንስድ፣ «ፕሪንት አዝ ኢሜጅ» የሚለውን ምረጡ። ገጹ እንደ ፎቶ ይላካል፤ ማተሚያው ፎንት አይፈልግም። ትንሽ ይዘገያል፣ ግን ይሠራል።
• የማተሚያው አድቫንስድ ቅንብር ውስጥ ትሩታይፕ ፎንት የሚል ካለ፣ ፎንቱን በማተሚያው በራሱ ፎንት እንዲተካ ሳይሆን እንደ «ሶፍትፎንት» እንዲልክ አድርጉት።
• ፊደሉ ይነበባል፣ ግን መስመሩ ተዛብቶ አንድ ገጽ የነበረው ሁለት ሆኗል? ፎንቱ በሌላ ተተክቷል ማለት ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ ተጨማሪ ፎንት ሆኗል። ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ «ኢትዮፒክ ሰፕለመንታል ፎንትስ» ብላችሁ ጨምሩት።
• በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ (፡፡) የምትጽፉ ከሆነ፣ መስመር ማለቂያ ላይ ተከፍሎ አንዱ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። «።» ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ነው፤ እሱን ተጠቀሙ።
• የደረሰኝ ትንንሽ ማተሚያዎች የራሳቸው የፊደል ሰንጠረዥ አላቸው፤ አብዛኞቹም ውስጥ ግዕዝ የለም። መፍትሔው ሶፍትዌሩ አማርኛውን እንደ ምስል እንዲልክ ማድረግ ነው።

ወደ ኮፒ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት

1. ስልካችሁ ላይ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት። ዎርድ ላይ ፕሪንት፣ ከዚያ «ሴቭ አዝ ፒዲኤፍ»። እንዲህ ሲደረግ ፎንቱ ብዙውን ጊዜ ፋይሉ ውስጥ አብሮ ይገባል።
2. ፒዲኤፉን ከመላካችሁ በፊት ራሳችሁ ክፈቱት። በተለይ ስማችሁን፣ ቀኑንና አራት ነጥቡን እዩ።
3. ዎርድ ፋይሉ ራሱ የግድ ከተፈለገ፣ ኮምፒውተር ላይ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ውስጥ «ኤምቤድ ፎንትስ ኢን ዘ ፋይል» የሚለውን ምልክት አድርጉ። ሊብሬኦፊስም በፋይሉ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ተመሳሳይ ምርጫ አለው።
4. ብዙ ቅጂ ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ገጽ ብቻ አስወጡ። የሠርግ መጥሪያ ወይም የምርቃት መጽሔት 500 ቅጂ ከወጣ በኋላ የስም ስህተት ማግኘት ይከብዳል።

ሶፍትዌር ለምትሠሩ

ደንበኛ «ሪፖርቱ ጥያቄ ምልክት ያወጣል» ሲላችሁ ከማተሚያው በፊት ዳታቤዙን እዩ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ዓምዱ ኤንቫርቻር ሆኖም ከጽሑፉ በፊት የምትመጣው «ኤን» ከተረሳች አማርኛው ገና ሲገባ «?» ሊሆን ይችላል። ማይኤስኪውኤል ከ8.0 በፊት በነባሪነት ላቲን-1 ነበር፤ ሠንጠረዡንም ግንኙነቱንም ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አድርጉ። ዳታቤዙ ልክ ሆኖ ፒዲኤፉ ብቻ ከተበላሸ ደግሞ ፒዲኤፍ ከሚያውቃቸው 14 መደበኛ ፎንቶች አንዱም ግዕዝ የለውም። የግዕዝ ፎንት ፋይል ራሳችሁ መጫንና ፒዲኤፉ ውስጥ ማስገባት አለባችሁ።

በመጨረሻም፣ ቤታችሁ ወይም ቢሮአችሁ በድሮ ፎንት የተጻፈ ነገር ካለ፣ የአባታችሁ ማስታወሻም ይሁን የዕድር መዝገብ፣ ያንን ፎንት የጫነ ኮምፒውተር እያለ ቀይሩት። ፋይሉ ቢኖርም የፎንቱ ስምና ፎንቱ ራሱ ከጠፉ ማንበቡ በጣም ይከብዳል።

ይሄን ጽሑፍ ሴቭ አድርጉት፤ ሰፈራችሁ ላለው የኮፒ ቤት ልጅም ሼር አድርጉለት።