ጥፋቱ የኔትወርክ ብቻ ነበር?

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ቪዲዮ አልከፈት ሲል ወቀሳው ወዲያው ኔትወርክ ላይ ያርፋል። ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ ከገባበት ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መስመሩ ለረጅም ዓመታት ቀርፋፋና ውድ ስለነበር ወቀሳው መሠረት አለው። የብሮውዘር ታሪክ ግን ሌላም ተጠያቂ ያሳየናል። ዩቲዩብ በ2005 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ቪዲዮውን የሚያጫውተው ብሮውዘሩ ራሱ ሳይሆን ፍላሽ ፕሌየር የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም ነበር። ፍላሽ ያልተጫነበት ወይም ያረጀበት ኮምፒውተር መስመሩ የቱንም ያህል ቢፈጥን ምስል አያሳይም ነበር። አዲሱን ፍላሽ ለማውረድ ደግሞ ያው ቀርፋፋ መስመር ያስፈልግ ነበር፤ እዚህ ላይ ችግሩ ድርብ ይሆን ነበር። ዩቲዩብ በ2015 እ.ኤ.አ. ብሮውዘሩ ራሱ ቪዲዮ ወደሚያጫውትበት ኤችቲኤምኤል 5 ዞረ፤ አዶቢም በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ፍላሽን ተወው። ይህ ግን ለአሮጌ ማሽን እፎይታ አልሆነም፤ ክሮም የተባለው ብሮውዘር በአሮጌው ዊንዶውስ ኤክስፒ ለሚሠሩ ኮምፒውተሮች ማሻሻያ መስጠት ያቆመው በ2016 እ.ኤ.አ. ነውና።

«በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔቱ በመላ አገሪቱ ሲዘጋ ብሮውዘር ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። ምንም አያደርግም፤ ያን ጊዜ ግን የማይከፈተው ቪዲዮው ብቻ ሳይሆን ሁሉም ገጽ ነው። ሌላው ገጽ እየሠራ ቪዲዮው ላይ ክቡ ብቻ የሚሽከረከር ከሆነ መስመሩን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ከጠቆረ ግን ጥርጣሬው ወደ ብሮውዘሩና ወደ ግራፊክስ ካርዱ ይዞራል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ቴሌን ከመውቀስህ በፊት ብሮውዘርህን አድስ፣ ካሹን (ጊዜያዊ ማከማቻውን) አጽዳ፣ በብሮውዘሩ ቅንብር ውስጥ ሃርድዌር አክስለሬሽን የሚለውንም አጥፍተህ ሞክር።