የስዊችና የራውተር ጤና ክትትል፦ ፕሮብ ምን ይጠይቃል? እንዴትስ ይጠይቃል?

አንድ ስዊች ወይም ራውተር በሥራ ላይ ነው ማለት ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። መብራቱ እየበራና ለሚቀርብለት ጥሪ እየመለሰ፣ ከሚያስተላልፈው ፓኬት የተወሰነውን እየጣለ ለወራት ሊቆይ ይችላል። የክትትል ሶፍትዌሮች አብረዋቸው የሚመጡት ምርመራዎች በአብዛኛው የሚያረጋግጡት መሣሪያው መኖሩን ነው። ጤንነቱን ለማወቅ ግን የኔትወርኩ ባለሙያ የራሱን ፕሮብ መጻፍ ይኖርበታል። ፕሮብ በተወሰነ ጊዜ ልዩነት ለመሣሪያው የተመረጠ ጥያቄ የሚያቀርብ፣ መልሱን አስቀድሞ ከተቀመጠ ገደብ ጋር የሚያመዛዝንና ፍርዱን የሚያሳውቅ አነስተኛ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ብቅ ያለው ናጊዮስ የተባለው ሶፍትዌር ያስለመደው አሠራር ፍርዱን በአራት ቁጥሮች ይገልጻል፤ 0 «ደህና»፣ 1 «ማስጠንቀቂያ»፣ 2 «አሳሳቢ»፣ 3 «ያልታወቀ» ማለት ነው። ፍርዱ ትክክል የሚሆነው ጥያቄው ኔትወርኩ ከሚሠራው ሥራ ተነሥቶ ሲቀረጽና መጠየቁ ራሱ በኔትወርኩ ላይ ሸክም ሳይሆን ሲቀር ነው።

1. መነሻ፦ የሎስ አንጀለስ የመለኪያ ማዕከል

በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ በፌርፋክስ ጎዳና፣ በኦሎምፒክና በፒኮ ጎዳናዎች መካከል ያለው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2002 በከተማው ምክር ቤት ውሳኔ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰየመ። ከዚህ ሰፈር በስተ ምዕራብ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሎስ አንጀለስ ግቢ ይገኛል። የዛሬው ራውተር አባት የሆነው መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተተከለው በዚሁ ግቢ፣ ቦልተር አዳራሽ በተባለው ሕንፃ ውስጥ፣ ነሐሴ መጨረሻ 1969 እ.ኤ.አ. ነበር። መሣሪያው በሃኒዌል 516 ኮምፒዩተር ላይ የተሠራ ሲሆን አይኤምፒ ይባል ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 29 አርፓኔት የተባለው፣ የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው ኔትወርክ የመጀመሪያው መልእክት ከዚያ ተላከ፤ ተቀባዩ ኮምፒዩተር ሁለት ፊደላት እንደ ደረሱት ወደቀ።

ግቢው የመጀመሪያው ጣቢያ እንዲሆን የተመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። ፕሮፌሰር ሊዮናርድ ክላይንሮክ የሚመሩት የኔትወርክ መለኪያ ማዕከል እዚያ ነበር። ስቲቭ ክሮከር፣ ቪንት ሰርፍና ጆን ፖስቴል በተማሪነት ዘመናቸው የሠሩበት ይህ ማዕከል ኔትወርኩን ሆን ብሎ ያጨናንቅ፣ የት ላይ እንደሚሰበር ይፈልግ፣ ከእያንዳንዱ አይኤምፒ የመለኪያ መልእክት ይሰበስብ ነበር።

ይህ መሰብሰብ ራሱ አደጋ እንዳለው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1973፣ ልክ ከፈረንጆች ገና በፊት ነው። በአርፓኔት ላይ ያሉ አይኤምፒዎች ሁሉ የወቅቱን ሁኔታቸውን የሚያሳይ መልእክት በአንድ ቅጽበት ወደ ሎስ አንጀለስ እንዲልኩ ተደረገ። ተቀባዩ አይኤምፒ ለመልእክቶቹ ቦታ መድቦ ነበር፤ ተከፋፍለው የሚመጡትን ፓኬቶች መልሶ ለመገጣጠም የሚያስፈልገው የማስታወሻ ክፍል ግን አልተሰጠም ነበር። መሣሪያው ተቆለፈ። ጥፋቱ በፕሮግራሙ ውስጥ ተኝቶ የቆየ ነበር፤ የቀሰቀሰው ግን የመለኪያው ትራፊክ ነው። ይህ ክስተት በኔትወርክ ታሪክ «የገና መቆለፍ» በሚል ስም ይታወቃል።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው ኦክቶበር 27 ቀን 1980 እ.ኤ.አ. ነው። አይኤምፒዎች የመስመሮቻቸውን ሁኔታ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መልእክት ባለ ስድስት ቢት ተራ ቁጥር ነበረው። በአንድ መሣሪያ ላይ በደረሰ የሃርድዌር ብልሽት ቢቶች በመውደቃቸው የአንድ ጣቢያ መልእክት 44፣ 40 እና 8 በሚሉ ሦስት ተራ ቁጥሮች ተሠራጨ። በጊዜው በነበረው የማወዳደሪያ ደንብ 44 ከ40፣ 8 ከ44፣ 40 ደግሞ ከ8 ይልቅ አዲስ ይመስላል። ስለዚህ ሦስቱ መልእክቶች ያለ ማቋረጥ እየተተካኩ አርፓኔትን ለሰዓታት ከአገልግሎት ውጭ አደረጉት። በመስመር ላይ የሚተላለፍ መልእክት በስህተት ማረጋገጫ ይጠበቅ ነበር፤ በማስታወሻ ውስጥ የተቀመጠው ግን ጠባቂ አልነበረውም።

ከሁለቱ ክስተቶች የሚወጡት ደንቦች ዛሬም ይሠራሉ። ፕሮብ መሣሪያዎችን ሁሉ በአንድ ሰከንድ ላይ አይጠይቅም፤ ጥያቄዎቹን በጊዜው ክፍተት ውስጥ ይበታትናቸዋል። የመጣለትንም ቁጥር እንደ ወረደ አያምንም፤ ሊሆን የሚችል መሆኑን አስቀድሞ ይመረምራል።

2. መሣሪያው የሚናገርበት ቋንቋ

ቀላሉ ጥያቄ ፒንግ ነው። መሠረቱ የሆነው የአይሲኤምፒ ፕሮቶኮል፣ ፖስቴል በዚያው በሎስ አንጀለስ አካባቢ፣ ማሪና ዴል ሬይ በሚገኘው የምርምር ተቋም ሳለ ባዘጋጀው አርኤፍሲ 792 በተባለው ሰነድ እ.ኤ.አ. በ1981 ወጣ፤ የፒንግን ፕሮግራም ማይክ ሙስ ዲሴምበር 1983 ጻፈው። ፒንግ መሣሪያው መኖሩን ይናገራል። የዘገየ የፒንግ መልስ ግን ራውተሩ መታመሙን አያረጋግጥም፤ ትላልቅ ራውተሮች ፓኬት የሚያስተላልፉት ለዚሁ በተሠራ ቺፕ ሲሆን ለራሳቸው የተላከውን ፒንግ የሚመልሱት ግን ሥራ በሚበዛበት ዋና ፕሮሰሰር ነው።

የውስጡን ለማወቅ የሚያገለግለው ኤስኤንኤምፒ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ ፕሮቶኮል ነው። ጠያቂው በዩዲፒ ፖርት 161 ይጠይቃል፤ መሣሪያው በራሱ ተነሣሽነት የሚልከው ማስጠንቀቂያ ደግሞ በፖርት 162 ይደርሳል። ሊጠየቅ የሚችል እያንዳንዱ ነገር እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ በተዘረጋ ቁጥር ይጠራል። መሣሪያው ሥራ ከጀመረ የቆየበት ጊዜ 1.3.6.1.2.1.1.3.0 ሲሆን የየፖርቱ የሥራ ሁኔታ በ1.3.6.1.2.1.2.2.1.8 ሥር ይገኛል። እነዚህ በ1991 በጸደቀው የጋራ መዝገብ ውስጥ ስላሉ የማንኛውም አምራች መሣሪያ ማለት ይቻላል ይመልሳቸዋል።

የፕሮሰሰር ጫና፣ የማስታወሻ መጠን፣ የሙቀትና የማራገቢያ ሁኔታ ግን ብዙውን ጊዜ በአምራቹ የግል ቅርንጫፍ፣ በ1.3.6.1.4.1 ሥር ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው 9 ከሆነ ሲስኮ፣ 2011 ከሆነ ሁዋዌ፣ 14988 ከሆነ ሚክሮቲክ ነው። የሁለት ወይም የሦስት አምራቾችን ዕቃ ያደባለቀ ኔትወርክ የራሱን ፕሮብ የሚሻበት የመጀመሪያው ምክንያት ይኸው ነው፤ የፕሮቡ ጸሐፊ የአምራቹን መዝገብ አንብቦ የትኛው ቁጥር ምን እንደሚል፣ በምን መለኪያ እንደሚል ማረጋገጥ አለበት።

3. ቆጣሪዎችና ወጥመዶቻቸው

ብዙዎቹ መልሶች ቆጣሪዎች ናቸው። ቆጣሪ ብቻውን የሚነግረው ነገር የለም፤ ትርጉም የሚያገኘው ሁለት ንባቦች ተቀናንሰው በመካከላቸው ላለፈው ጊዜ ሲካፈሉ ነው። ባለ 32 ቢት ቆጣሪ 4,294,967,296 ሲደርስ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ከዜሮ ይጀምራል። በ100 ሜጋቢት ፍጥነት የተሞላ መስመር የባይት ቆጣሪውን በ344 ሰከንድ ያህል፣ የ1 ጊጋቢት መስመር በ34 ሰከንድ፣ የ10 ጊጋቢት መስመር በ3.4 ሰከንድ ይሞላዋል። በየ5 ደቂቃው የሚጠይቅ ፕሮብ በ1 ጊጋቢት መስመር ላይ ቆጣሪው ስንት ጊዜ እንደ ዞረ ሊያውቅ አይችልም፤ ያሰላው የትራፊክ መጠንም ከእውነቱ እጅግ ያነሰ ይሆናል። መፍትሔው ባለ 64 ቢት ቆጣሪዎችን መጠየቅ ነው፤ በ10 ጊጋቢት ፍጥነት እነርሱን ለመሙላት ከ460 ዓመት በላይ ይፈጃል።

የቆይታ ጊዜ ቆጣሪም የራሱ ወጥመድ አለው። የሚቆጥረው በሰከንድ መቶኛ ስለሆነ በ497 ቀን ይሞላል። «የቆይታ ጊዜው ካነሰ መሣሪያው ተነሥቶ ነበር» ብሎ የሚፈርድ ፕሮብ አንድም ቀን ያልጠፋን ራውተር በ498ኛው ቀን ጠፍቶ ተነሣ ይላል። ስለዚህ ያለፈው ንባብ ወደ ጣሪያው ቀርቦ ከነበረ ዳግም መነሣት አድርጎ እንዳይቆጥረው መጻፍ ያስፈልጋል። መሣሪያው በእርግጥ ጠፍቶ ከተነሣ ደግሞ ሌሎቹ ቆጣሪዎችም ከዜሮ ስለሚጀምሩ የዚያ ዙር ልዩነት ይጣላል።

4. የአንድ ምግብ ቤት ኔትወርክ በቅርበት

እንደ ፌርፋክስ ባለ የንግድ ጎዳና ላይ ያለ ምግብ ቤት ለማሳያ ይበቃል። በወጥ ቤቱ ጀርባ፣ መደርደሪያ ላይ አንድ ስዊች ተቀምጧል፤ የካርድ መክፈያው፣ የትዕዛዝ ማተሚያው፣ የዋይፋይ ማሠራጫውና የጥበቃ ካሜራዎቹ በእርሱ ተገናኝተዋል። ቅዳሜ ማታ ቤቱ ሲሞላ ካርድ መክፈያው ይዘገያል፤ የፖርቱ መብራት አረንጓዴ ነው፣ ፒንግም ይመልሳል።

እዚህ ላይ ፕሮቡ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው የፖርቱ ፍጥነት ነው። የ1 ጊጋቢት ግንኙነት የኬብሉን አራት ጥንድ ሽቦዎች ሁሉ ይፈልጋል፤ 100 ሜጋቢት ግን በሁለት ጥንድ ይሠራል። ከምጣዱ ጀርባ ያለፈ ኬብል ታጥፎ አንድ ጥንድ ቢበጠስ ብዙ ስዊቾች ምንም ሳይናገሩ ወደ 100 ዝቅ ይላሉ። ፕሮቡ የሚጠበቀውን 1000 ከተነበበው 100 ጋር ሲያመዛዝን ጉዳዩ ወዲያው ይገለጣል።

ሁለተኛው የስህተት ቆጣሪ ነው። የ1 ጊጋቢት የመዳብ ኬብል ደረጃ የሚፈቅደው ስህተት በ10 ቢሊዮን ቢት አንድ ነው፤ ይህም ከ800,000 በላይ በሆኑ ባለ 1,500 ባይት ፓኬቶች ውስጥ አንድ የተበላሸ ማለት ነው። በየዙሩ የሚያድግ የስህተት ቆጣሪ እንግዲህ ቁጥሩ ቢያንስም ጤና አይደለም። የስህተቱ ዓይነትም ምክንያቱን ይጠቁማል። በአንዱ ጫፍ ፍጥነቱና የመላላኪያ ስልቱ በእጅ ተወስኖ ሌላው ጫፍ ራሱ እንዲደራደር ከተተወ፣ ተደራዳሪው በአንድ ጊዜ መላክ ወይም መቀበል ብቻ ወደሚችልበት ስልት ይወርዳል። ያን ጊዜ በእርሱ በኩል የዘገየ ግጭት፣ በሌላው በኩል የተበላሸ ፓኬት ይቆጠራል። ሁለቱን ጫፎች አጣምሮ የሚያነብ ፕሮብ ችግሩን ያለ ቴክኒሻን ጉብኝት ይለየዋል።

ሦስተኛው ስዊቹ በኔትወርክ ኬብል የሚያድለው ኤሌክትሪክ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው ደረጃ ለአንድ ፖርት እስከ 15.4 ዋት ይመድባል። ጠቅላላ በጀቱ 60 ዋት የሆነ ስዊች አራት ሙሉ ፖርቶችን እንኳ መሸከም አይችልም፤ 61.6 ዋት ይሆናሉና። ካሜራዎች ሲጨልም የኢንፍራሬድ መብራታቸውን ስለሚያበሩ የሚስቡት ኃይል ይጨምራል። ቀን ሙሉ ደህና የሆነ ካሜራ ማታ ማታ የሚጠፋ ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የካሜራው ሳይሆን የበጀቱ ነው። ከበጀቱ 80 በመቶ ሲደርስ የሚያስጠነቅቅ ፕሮብ ይህን አስቀድሞ ያሳያል።

5. ገደብና ማስጠንቀቂያ

ገደብ ከቦታው ተነጥሎ አይቀመጥም። ከሎስ አንጀለስ አዲስ አበባ በአየር መስመር ከ14,600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ኬብሉ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ የደርሶ መልስ ጊዜው ከ146 ሚሊሰከንድ አያንስም፤ እውነተኛው መስመር ግን በባሕር ዳርቻዎችና በጎረቤት አገሮች ስለሚዞር ይረዝማል። ለከተማ ውስጥ መስመር የተቀመጠ የ100 ሚሊሰከንድ ገደብ በዚህ መስመር ላይ ቀን ከሌት ይጮኻል። ስለዚህ ፕሮቡ የመስመሩን የተለመደ ጊዜ ለሳምንታት መዝግቦ ከዚያ የራቀውን ብቻ ማሳወቅ ይኖርበታል።

የማስጠንቀቂያ ብዛት ራሱን የቻለ ችግር ነው። አንድ ራውተር ሲወድቅ ከጀርባው ያሉት ሃያ ስዊቾች ሁሉ ጠፉ ተብሎ ሃያ መልእክት ቢላክ እውነተኛው ምክንያት ይሸፈናል። ፕሮቦቹ የትኛው መሣሪያ በየትኛው በኩል እንደሚደረስ ካወቁ ሥሩን ብቻ ያሳውቃሉ፤ የቀሩትን «ያልታወቀ» ይላሉ። በገደቡ ዙሪያ የሚዋዥቅ መለኪያም የማስጠንቀቂያው መነሻና ማብቂያ ሲለያዩ ይረጋጋል፤ ለምሳሌ የፕሮሰሰር ጫና 85 በመቶ ሲያልፍ ይጀምራል፣ ከ70 በታች ሲወርድ ያበቃል።

መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ፣ በኢትዮጵያ ከተሞች ባሉ ቢሮዎችና ካምፓሶች እንደሚታየው፣ «መሣሪያው አይመልስም» የሚለው ፍርድ ግማሽ ነው። የመጠባበቂያ ባትሪው በኤስኤንኤምፒ የሚጠየቅ ከሆነ ፕሮቡ ኃይሉ ከባትሪ እየመጣ መሆኑንና ስንት ደቂቃ እንደ ቀረው አንብቦ መብራት መሄዱን ከመስመር መቆረጥ ይለያል። ለጥገና የሚላከው ሰውም በዚሁ ይወሰናል፤ አንዱ ኤሌክትሪሽያን፣ ሌላው የፋይበር ባለሙያ ይሻል።

6. የፕሮቡ ደኅንነትና ዕድሜ

የመጀመሪያዎቹ የኤስኤንኤምፒ ትውልዶች የይለፍ ቃላቸውን ሳይሸፍኑ በመስመር ላይ ይልካሉ፤ ብዙ መሣሪያዎችም «ፐብሊክ» በሚል የታወቀ ቃል ተዘጋጅተው ይመጣሉ። ሦስተኛው ትውልድ ማንነትን ያረጋግጣል፣ መልእክቱንም ይመሰጥራል፤ መሣሪያው እስከቻለ ድረስ ሊመረጥ የሚገባው እርሱ ነው። ፕሮቡ የማንበብ እንጂ የመለወጥ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ መሣሪያውም ከክትትል ሰርቨሩ አድራሻ ውጭ ለማንም እንዳይመልስ ይደረጋል።

ፕሮብ አንዴ ተጽፎ የሚተው ሥራ አይደለም። የመሣሪያው ሶፍትዌር ሲታደስ የፖርቶች መለያ ቁጥር ሊቀያየር፣ ፕሮቡም የካርድ መክፈያውን ነው ብሎ የካሜራውን ፖርት ሊያነብ ይችላል። በቁጥር ፋንታ ለፖርቱ በተሰጠው ስም መፈለግ ይህን ይከላከላል። ያልተመለሰን ጥያቄ እንደ ዜሮ መቁጠር ደግሞ ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው፤ ዜሮ ስህተት ያለበት ፖርትና ያልተነበበ ፖርት በሰሌዳው ላይ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ሆነው ይታያሉና። መልስ ሲጠፋ የሚሰጠው ፍርድ 3 ነው፤ ፕሮቡ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊትም ኬብል ተነቅሎ፣ የይለፍ ቃሉ ሆን ተብሎ ተሳስቶ፣ አራቱም ፍርዶች በየቦታቸው መውጣታቸው ይፈተናል።