ከሰንሰለት ሠሪዎች መንደር የመጣ ውሻ

ባለፈው ክረምት ለእረፍት አርባ ምንጭ ስገባ ሲቀላ ያለው ግቢያችን ውስጥ አዲስ ነገር ጠበቀኝ። አጠር ያለ፣ ደረቱ ሰፊ፣ አንገቱ ወፍራም፣ ጡንቻው ከቆዳው ሥር እንደ ገመድ የሚታይ ውሻ፣ ሁለት ሜትር በማትሞላ ሰንሰለት ከማንጎው ግንድ ጋር ታስሯል። ታናሽ ወንድሜ ከበረንዳው ላይ ሆኖ "ጋሼ፣ እንዳትጠጋው! ፒትቡል ነው" አለኝ። ውሻው ግን ሌላ ነገር ነበር የሚለው። ጭራውን ብቻ ሳይሆን ከወገቡ በታች ያለውን ገላውን በሙሉ እያወዛወዘ፣ ሰንሰለቱ እስኪያንቀው ድረስ ወደ እኔ ይሳባል። ሊነክሰኝ ሳይሆን ሊልሰኝ።

እማዬ ከጓሮ ወጥታ ሳመችኝና ወደ ውሻው እያየች "ለሌባም እንዲሁ ነው የሚያደርገው" አለች። "ሌሊት ብቻውን ሲሆን ያለቅሳል፤ ሰው ሲያይ ዝም ይላል። እኔ እንዲህ ያለ ካና አይቼ አላውቅም።" ካና በጋሞኛ ውሻ ማለት ነው። እማዬ የጨንቻ ልጅ ናት፤ ስትገረምም ስትናደድም ወደ ጋሞኛ ትመለሳለች።

ወንድሜ ቡችላውን ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣው፣ በካርቶን ተደርጎ በሚኒባስ። የመረጠው በስልኩ ላይ ባየው ፎቶ ነው፤ ፎቶው ላይ ያለው ውሻ ጆሮው ተቆርጦ፣ ጥርሱን ገልጦ ቆሟል። ቤት ጠባቂ ፈልጎ ነበር። ያገኘው ግን እንግዳ የሚወድ፣ ብቻውን መሆን የማይችል፣ የአርባ ምንጭ የቀትር ሙቀት ምላሱን መሬት የሚያስነካው ፍጡር ሆነ። አንዱ ጎረቤት "ሥጋ ላይ ሚጥሚጣ ነስንሳችሁ ስጡት፣ ይቆጣል" ብሎ መክሯል። አንድ የሰፈር ልጅ ደግሞ ከሌላ ውሻ ጋር ሊያጋጥመው ጠይቋል።

የእንስሳት ሐኪም የሆነ ጓደኛዬ መጥቶ አየውና ሳቀ። "ፒትቡል ብለው ሸጡላችሁ እንጂ ቁመቱም ጭንቅላቱም ወደ ስታፎርድሻየር ቡል ቴሪየር ያደላል። ንጹሕ ዘር መሆኑን ግን ማንም አይምልልህም" አለኝ። የዚህ ዘር ወንዱ ከትከሻው እስከ መሬት ከ36 እስከ 41 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ክብደቱ ከ13 እስከ 17 ኪሎ። የኛው እዚያው መሃል ላይ ነው። እኔም ያን ሰሞን ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ፣ ይሄ እንስሳ ከየት መጥቶ እኛ ማንጎ ሥር እንደታሰረ ማንበብ ጀመርኩ። (ከዚህ በኋላ የፈረንጁ ታሪክ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ የኛው በኛ።)

ታሪኩ ከውሻ ሳይሆን ከበሬ ይጀምራል። በእንግሊዝ አገር ለብዙ መቶ ዓመታት ኮርማ ከካስማ ጋር አስረው ውሻ ይለቁበት ነበር። ሕዝብ ከቦ ያያል፣ ገንዘብ ይወራረዳል፤ ከመታረዱ በፊት በውሻ የተነከሰ በሬ ሥጋው ይለሰልሳል የሚል እምነትም ነበር። በ1835 ፓርላማው ይህን ከለከለ። ኮርማና ድብ ለማጋጠም ሰፊ ሜዳ ያስፈልጋል፣ ፖሊስም በቀላሉ ያየዋል። ሁለት ውሻ ለማፋለም ግን የመጠጥ ቤት ጓዳ ይበቃል። ስለዚህ ውርርዱ ወደ ጓዳ ገባ፤ ከባዱና ዘገምተኛው ቡልዶግም ቀልጣፋ ከሆነው ቴሪየር ጋር ተዳቀለ። ቴሪየር የሚለው ስም ከመሬት የመጣ ነው፤ አይጥና ቀበሮ ፍለጋ ጉድጓድ የሚገባ ውሻ ማለት ነው። ከዚህ ድቅል ጄምስ ሂንክስ የተባለ የበርሚንግሃም ሰው በ1860ዎቹ ነጭና ቄንጠኛ የሆነ ቡል ቴሪየር አውጥቶ ለጌቶች አቀረበ። ሠራተኛው ግን አሮጌውን፣ ቡራቡሬውን፣ አጭሩን ይዞ ቀረ።

የትኛው ሠራተኛ? እዚህ ጋ ነው መጽሐፉን አስቀምጬ በመስኮት ወደ ማንጎው ያየሁት። ይህ ውሻ ያደገው ከበርሚንግሃም በስተምዕራብ ባለው የድንጋይ ከሰልና የብረት አገር ነው፤ ከዋና ከተሞቹ አንዷ ክራድሊ ሂዝ ትባላለች። ክራድሊ ሂዝ የምትታወቀው በምን መሰላችሁ? በሰንሰለት። የመርከብ መልሕቅ የሚይዘው ሰንሰለት በፋብሪካ፣ ቀጭኑ ደግሞ ከየቤቱ ጀርባ በምትገኝ ጠባብ ምድጃ ይቀጠቀጥ ነበር። ቀጭኑን የሚቀጠቅጡት ባብዛኛው ሴቶች ነበሩ፤ በ1910 ለአሥር ሳምንት ያህል ሥራ አቁመው ዝቅተኛ የደመወዝ መነሻ ያስከበሩት እነሱ ናቸው። እንግዲህ የኛ እስረኛ አያት ቅድመ አያቶች የሰንሰለት ሠሪ ውሾች ናቸው።

ግን በሰንሰለት የሚኖሩ አልነበሩም። ቤቶቹ ጠባብ ናቸው፤ ውሻውም የሚኖረው ከቤተሰቡ ጋር ነበር፣ ምድጃ አጠገብ፣ ልጆች መሃል። ለምን ሰው እንደሚወድ የሚነገረው የተለመደ ታሪክ ሌላ ነው፦ በፍልሚያው ጉድጓድ ውስጥ ባለቤቶቹ አጠገቡ ስለሚቆሙ፣ በግጥሚያው መሃል በእጃቸው ስለሚያነሱት፣ ሰው የሚነክሰውን ያስወግዱት ነበር፤ ስለዚህ ሰው የማይነክስ ዘር ቀረ ይላሉ። ከፊሉ ያስኬዳል። ሙሉ በሙሉ ግን አላምነውም፤ ውርርድ የሚያሸንፍ ውሻ ያለው ሰው፣ እጁን ስለነከሰው ብቻ የገንዘብ ምንጩን ይገድላል ማለት ይከብዳል። በየድረ ገጹ የሚዞረው "በድሮ ጊዜ ሞግዚት ውሻ ይባል ነበር" የሚለው ወሬ ደግሞ ጭራሽ ተረት ነው፤ ያ ቅጽል የተስፋፋው በ1970ዎቹ ነው። ውሻ ውሻ ነው፤ ከሕፃን ጋር ብቻውን አይተውም። እኔን የሚያሳምነኝ ጠባቡ ቤት ነው። ለትውልዶች ከሰው እግር ሥር የኖረ እንስሳ ከሰው ሲለዩት ያለቅሳል። ከሌላ ውሻ ጋር ያለው ጠብ ደግሞ ሌላኛው ውርስ ነው፤ ያም አብሮት አለ። ሁለቱን አንድ ላይ ያልገዛ ሰው ይህን ውሻ አልገዛም ማለት ነው።

በ1935 አርቢዎች እዚያው ክራድሊ ሂዝ በአንድ መጠጥ ቤት ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ፤ የእንግሊዝ የውሻ ክበብም በዚያው ዓመት ዘሩን መዘገበ። ያው ዓመት የሞሶሎኒ ጦር መረብን የተሻገረበት ነው፤ አውሮፓ የውሻ ደንብ የምትጽፍበትም፣ የኛን ሰው በጋዝ የምትፈጅበትም ጊዜ አንድ ነበር። በ1991 ደግሞ የእንግሊዝ ፓርላማ አደገኛ ውሾች የሚል ሕግ አውጥቶ ፒትቡልን ሲከለክል የስታፎርድሻየሩን ዘር ሳይነካው አለፈ። የአክስት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ወንጀለኛ፣ አንዱ የቤት ልጅ ሆነ። ወንድሜ "ፒትቡል" ሲል የሚኮራበት ስም ሌላ አገር ቢሆን ውሻውን ሊያስገድልበት ይችላል።

አሁን ወደኛው ውሻ ልምጣ። የሀበሻ ውሻ የተሠራው በሌላ ምክንያት ነው፤ በጅብ። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" እያልን የምንተርትበት፣ ሥራው መጮህ ስለሆነና ዋናው ፈተናውም ጅብ ስለሆነ ነው። እማዬ ስለ አያቴ ቤት ስታወራ ከቀርከሃ የተጠለፈውን፣ እንሰት መሃል የቆመውን ረጅም ቤት ትገልጻለች። ሌሊት ጉም ይወርዳል፣ ከብቱ በአንድ በኩል ሰው በሌላ በኩል አንድ ጣሪያ ሥር ያድራል። "ውሻውስ?" አልኳት። "ውሻ ምን ሊሠራ ቤት ይገባል? ደጅ ነዋ!" አለች፣ ጥያቄው ራሱ ገርሟት። ደጅ መሆኑ ግን መታሰር አልነበረም። እንሰቱ ውስጥ ይዞራል፣ ከጎረቤት ውሾች ጋር ይጠራራል፣ የተረፈ ይበላል፣ ማንም አያሻሸውም፣ እሱም አይጠብቅም። ልዩነቱ የገባኝ እዚህ ላይ ነው፦ ያኛው ሳይታሰር ከሰው ይርቃል፤ ይሄኛው ታስሮም ወደ ሰው ይጎትታል።

የኛ ርቀት ከየት መጣ? የሃይማኖቱን ታውቁታላችሁ፤ ብዙ የተባረረን ሰው "ቤተክርስቲያን እንደገባች ውሻ" እንላለን። በአገሩ ሕግም ካሣና በቀል የማይጠየቅበት ደም "ደመ ከልብ" ነው። ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ፍርሃቱ ምክንያት አለው። በ1895 ክረምት ገና ወጣት ከተማ በነበረችው አዲስ አበባ ብዙ ሰፈር ያዳረሰ የእብድ ውሻ በሽታ ተነሥቶ እንደነበር ተመዝግቧል። በሽታው ራሱ ከዚያም በፊት ይታወቅ ነበር፤ ባህላዊ መድኃኒቱም ብዙ ነው፣ የሚያድን ግን አልነበረም። ፓሪስ ላይ ሉዊ ፓስተር የመጀመሪያውን ክትባት የ9 ዓመት ልጅ ለሆነው ለጆሴፍ ማይስተር የሰጠው በሐምሌ 1885 ነው። ያ ስም እኛ ዘንድ የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል፤ አዲስ አበባ ላይ የታክሲ ረዳት "ፓስተር! ፓስተር!" ሲል ስለ ፈረንሳዩ ሊቅ የሚያስብ ተሳፋሪ ያለ አይመስለኝም። እዚያ የነበረው ተቋም ከበግና ከፍየል አንጎል የሚያዘጋጀው ክትባት ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ ነበር። ወላጆቻችሁን ጠይቁ። እማዬ እስካሁን ውሻ ጣቷን ሲልሳት የምትደነግጠው ስለ ጥርሱ ሳይሆን ስለዚያ መርፌ ነው።

ሌላም ጥላ አለ፣ የቅንጦት። ንጉሡ ሉሉ የምትባል ቺዋዋ እንደነበረቻቸው፣ ጃማይካ ሲሄዱም ይዘዋት እንደሄዱ ይታወቃል። አንድ ፖላንዳዊ ጋዜጠኛ በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ ሉሉ የባለሥልጣናት ጫማ ላይ ስትሸና የሚጠርግ አገልጋይ እንደነበረ አውርቷል። መጽሐፉ ብዙ የተጠየቀበት ነው፤ ውሻዋን እንኳ ወንድ ብሎ፣ ዘሯንም ጃፓን ወስዶታል። ከወሬው በላይ የሠራው ግን ፊልም ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ንጉሡ ከሥልጣን በሚወርዱበት ዋዜማ፣ ደርግ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ረሃብ ላይ የሠራውን ዘገባ በቴሌቪዥን አሳየ። ግን ቆርጦ ቀጥሎበት ነበር፤ በረሃብተኞቹ ፊት መሃል የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ንጉሡም ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ ይታያል። ከዚያ ወዲህ በዚህ አገር ለውሻ ሥጋ መግዛት ንጹሕ ነገር ሆኖ አያውቅም። የኛ ጎረቤትም ወንድሜ ከልኳንዳ አጥንት ይዞ ሲገባ አይታ "ሰው የሚበላው ባጣበት ዘመን!" ብላ አልፋለች። ሙሉ በሙሉ ተሳስታለች ማለት አልችልም።

ታዲያ ወንድሜን ምን አልኩት? መጀመሪያ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አነበብኩለት። የ1952ቱ ሕግ ቁጥር 2071 ግልጽ ነው፦ እንስሳው አምልጦም ቢሆን፣ ጉዳቱ የማይጠበቅም ቢሆን፣ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው። ጥፋቱ የባለቤቱ ካልሆነ እንስሳውን ለተጎዳው አስረክቦ ከኃላፊነት መውጣት ይቻላል የሚል አለበት፤ ወንድሜ ይሄን ሲሰማ በጣም ሳቀ፣ "የነከሰህን ውሻ ውሰድ ነው?" ብሎ። ከዚያ ስለ ክትባት አወራን። በዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ ከሚሞተው ሰው እስከ 99 በመቶው በሽታው የሚይዘው ከውሻ ነው፤ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው በየጊዜው ከተከተቡ ግን ስርጭቱ ይቆማል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ጤና ጣቢያ መሮጥ አለበት። ይሄን እማዬም ሰማች።

ስለ ምርጫው ግን ዘግይቼ ነበር። ቀድሞ ቢጠይቀኝ ኖሮ በፎቶ አትግዛ፣ ሂድና እናትየዋን እያት እለው ነበር፤ እናትየዋ ለእንግዳ የምታሳየው ጠባይ ከልጇ ጡንቻ በላይ ይናገራል። ቡችላ ሰውና ዓለም የሚለምደው ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ ሦስተኛው ወር ገደማ ነው፤ የኛው ከዚያ ጊዜ ከፊሉን ያሳለፈው ማንጎ ሥር ነው። ቤት የሚጠብቅለት ከፈለገም የሰፈሩ ውሻ ይበቃው ነበር፣ ሙቀቱንም ለምዶታል፣ ጅቡንም ያውቃል።

የሚቀጥለው ምሽት ተከራከርን። ወንድሜ ከፈታነው የሰው ውሻ ይገድላል አለ፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ ግቢው በደንብ ተዘጋ፣ አጥሩ ሥር ድንጋይ ተደረደረ፤ ጠዋትና ማታ በገመድ ወንድሜ ያንሸራሽረዋል፣ ቀትር ላይ በረንዳው ጥላ ሥር ይተኛል። ለማጋጠም የጠየቀው ልጅ እንደገና መጥቶ ነበር፤ እማዬ ራሷ መለሰችው፣ ምን እንዳለችው ግን አልነገረችኝም። ቤት ውስጥ እንዲያድር ግን እስካሁን አልፈቀደችም። ባለፈው እሁድ ስደውል "ደጅ ነው፣ ደጅ ነው" አለችኝ። ከስልኩ ወዲያ፣ በጣም ቅርብ፣ የሆነ ነገር ያንኮራፋል።