የደንገል ታንኳና የቀዛፊው ቃል

ከቄራ ጀምሮ እስከ ካዛንችስ ድረስ ያለው የአዲስ አበባ ክፍል በሕፃኑ ሰማዕት በቅዱስ ቂርቆስ ስም እንደሚጠራ የከተማችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዳሩ ግን በዚሁ ሰማዕት ስም የሚጠራ ደሴት በጣና ባሕር ላይ እንዳለ፥ ወደዚያም ደሴት ይሻገር የነበረው ሰው፥ መጽሐፉም፥ ንዋየ ቅድሳቱም በእንጨት መርከብ ሳይሆን በደንገል ታንኳ ይጫን እንደ ነበረ የሚያስብ ጥቂት ነው። የጣና ቂርቆስ መነኮሳት ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመግባቷ በፊት በደሴታቸው ብዙ ዘመን እንደ ቆየች ይተርካሉ። ነገሥታቱና ጳጳሳቱ፥ ገዳም ያቀኑትም አባቶች በየገድሉና በየታሪከ ነገሥቱ ስማቸው ተጽፎ ይኖራል፤ ያሻገራቸው ቀዛፊ ግን ስሙ የለም። ዛሬ ልናወሳ የፈለግነው የዚህን ታንኳና የዚህን ቀዛፊ ነገር ነው።

ታንኳ የሚሠራው በጣና ዳር በረግረጉ ላይ ከሚበቅለው ደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ በእስር በእስር ሆኖ በልጥ ይጠፈራል፤ እስሩም ከእስር ጋራ እየተጣመረ ፊቱ ወደ ላይ ቀና ያለ ታንኳ ይሆናል። በውስጡም ሌላ የደንገል እስር ይነጠፍና ተሳፋሪውና ጭነቱ ከውሃው ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ሚስማር አይገባበትም፥ ዝፍትም አይቀባም። ቀዛፊው የሚይዘው ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ነው፤ ይህንኑ በቀኝና በግራ እያፈራረቀ ይሄዳል። የእንጨት ጀልባ የሚንሳፈፈው ሆዱ ባዶ ስለ ሆነ ነው፤ ታንኳ ግን የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለ ሆነ ነው፤ ስለዚህ ማዕበል ቢገባበት እንኳ ወዲያው አይሰጥምም። ጠላቱ ማዕበል ሳይሆን እርጥበት ነው። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ይከብዳልና ከጉዞ በኋላ ወደ የብስ ወጥቶ ካልደረቀ ቶሎ ይበሰብሳል። ቢጠነቀቁለትም ዕድሜው የጥቂት ወራት ነው።

የእንጨት መርከብ ያለው አገር አሮጌ መርከቡን ከባሕር አውጥቶ ጣራ ይሠራለታል፥ የበሰበሰውንም ሳንቃ ይለውጥለታል። ስዊድኖች ቫሳ የተባለውን፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1628 ዓመት ገና ከወደቡ ሳይርቅ የሰጠመውን የጦር መርከባቸውን ከ333 ዓመት በኋላ ከጥልቁ ጎትተው አውጥተው በስቶክሆልም ቤት ሠርተውለታል። ለታንኳ ግን እንዲህ ያለው ነገር አይመቸውም። በእርሱ ዘንድ ሊጠበቅ የሚገባው ደንገሉ አይደለም፤ ደንገሉን ታንኳ የሚያደርገው እጅና እጁን የሚያስተምረው ቃል ነው እንጂ።

ይህን ነገር ከቅኔ ቤት የወጣ ሰው ለመረዳት አይቸገርም። ቅኔ አንድ ቀን በማኅሌት ተዘርፎ ያልፋል፤ ያው ቅኔ በሌላ ቀን ቢደገም ባለቅኔው ይነቀፋል። ሆኖም ጉባኤ ቃናው፥ ዘአምላኪየው፥ ሚበዝኁው፥ መወድሱም ሳይቀር ልኩንና አገባቡን ሳይለቅ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሲተላለፍ ኖሯል። ያለፈው የትናንቱ ቅኔ ነው እንጂ ቅኔ አይደለም። መምህሩ ሳያስቀጽል ቢሞት ግን በዕቃ ቤት ያለው የብራና ብዛት ጉባኤውን አያስነሣውም። ታንኳም እንዲሁ ነው፤ በየወሩ ይሞታል፥ በየወሩም ይወለዳል፤ የሚሠራው እጅ የቀረ ዕለት ግን ከነዘሩ ያልቃል።

የደንገል መርከብ ነገር በጣና ብቻ የተገኘ፥ የትናንትም ነገር አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስ በ18ኛው ምዕራፍ ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ስላለች ምድር ሲናገር በውሃ ላይ መልእክተኞችን የሚያደርሱ የደንገል መርከቦችን ያነሣል። የሙሴም እናት ልጇን ወንዝ ዳር ያኖረችበት ሣጥን ከደንገል የተሠራ ነበረ። የግብፅ ሰዎችም በመቃብራቸው ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለውን መርከብ ሥለው ትተዋል። ይህን ሥዕል አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

በጣና ዙሪያ ከታንኳ የበለጠ መርከብ ለመሥራት ያሰቡም ሳይኖሩ አልቀሩም። አፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. በባሕሩ ዳር በሰፈሩ ጊዜ በእርሳቸው ዘንድ የነበሩ እንግሊዞች እንደ ጻፉት ሁለት ታላላቅ ታንኳዎች አሠርተው ነበረ። አካሉ የደንገል፥ ወለሉ የእንጨት ሆኖ፥ በጎንና በጎኑ እንደ መሳያ ድንጋይ በእጅ የሚዞር መንኰራኵር ነበረበት። እንግዲህ ንጉሡ የእሳቱን መርከብ ነገር ከሰሙ በኋላ እንኳ መሠረቱን ያኖሩት አገሬው በሚያውቀው በደንገል ላይ ነው። በእኛ አስተያየት ይህ ድርጊታቸው ከመድፉ ከሴባስቶፖል ይልቅ ሊነገርላቸው የሚገባ ነው፤ የውጭውን ጥበብ በአገሩ እጅ ላይ ለመቀጠል የታሰበበት ነበረና።

ጣና 3000 ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል የሚሰፋ ባሕር ነው፤ በውስጡም 37 ደሴቶች አሉ ይባላል። በዳጋ እስጢፋኖስ የቀደሙ ነገሥታት ዐፅም በክብር ተቀምጧል፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ናርጋ ሥላሴም በደቅ ደሴት አጠገብ ቆሞ ይኖራል። በክብራን ገብርኤል፥ በዑራ ኪዳነ ምሕረትም ያለውን ብራናና ሥዕል ያየ ሁሉ ያደንቃል። ነገር ግን ስንቱ ተመልካች ነው ያ ብራና በምን ወደዚያ ገባ ብሎ የጠየቀ? በዋናው ምድር ጦርነት በተነሣ ጊዜ ሁሉ ንዋየ ቅድሳቱ ወደ ደሴቶቹ የሸሸው፥ የዘጌ ቡና ወደ ገበያ የወጣው፥ ለመነኮሳቱ እህልና ዕጣን የደረሰላቸው በታንኳ ነው። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ቺዝማንም ደሴቶቹን ሁሉ ዞሮ መጽሐፉን በ1928 ዓ.ም. ሲያሳትም የመራው የታንኳ ነጂዎች ዕውቀት ነበረ። ወደ ማለዳ ባሕሩ ጸጥ ሲል ተነሥቶ ነፋሱ ሳይበረታ መድረስ፥ ጉማሬ ያለበትን ሰርጥ መራቅ፥ ዳር ዳሩን ይዞ በየማረፊያው እያደሩ መሄድ፥ ይህ ሁሉ በቺዝማን ካርታ ላይ አልተሣለም፤ በነጂዎቹ ራስ ውስጥ ነበረ።

እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ታንኳ መሥራት በጣና ዳር ብዙ ሰው የሚያውቀው ቢሆንም ከሁሉ ይልቅ በዚህ ጥበብ የታወቁት ወይጦ የተባሉት ናቸው። ሃይማኖታቸው እስልምና ነው፤ ኑሯቸው ከባሕሩ ነበረ፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፥ ደንገል ያጭዳሉ፥ በቀድሞ ዘመንም ጉማሬ ያድኑ ነበረ። በዚህም ምክንያት ጎረቤታቸው ክርስቲያኑም እስላሙም ሥጋቸውን ተጸይፎ፥ በማዕድ ሳይቀበላቸው፥ በጋብቻም ሳይቀላቀላቸው ኖረ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ እጃቸው የሠራውን ታንኳ ታቦት ተሸክሞ የሚሄድ ካህን ሳይጸየፍ ተሳፈረበት፥ እጁን ግን ተጸየፈው። ይህ የተደበቀ ነገር ስላይደለ በግልጥ ቢነገር ነውር የለበትም።

ከዚህም የሚብስ ኪሳራ ደርሷል። ወይጦዎች የራሳቸው ቋንቋ እንደ ነበራቸው የቀድሞ ተጓዦች ጽፈዋል፤ 20ኛው መቶ ዓመት ሲጀምር ግን የሚናገሩት አማርኛ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የዓሣውን፥ የደንገሉን፥ የነፋሱን ስም የያዘ ቋንቋ በብራና አገር፥ በጸሐፊ መካከል፥ ማንም ቀለም ሳያነሣለት ጠፋ። አንድ ጊዜ የሆነው ሁለተኛ እንዳይሆን የሚያስፈራን ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ግብፁ ሥዕል እንመለስ። በ1961 ዓ.ም. ቶር ሄየርዳል የተባለ የኖርዌይ ሰው የጥንት ግብፃውያን በደንገል መርከብ ታላቁን ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ ነበረ ሲል ሊፈትነው ተነሣ። በግብፅ ምድር ደንገሉ ጠፍቶ ስለ ነበረ 12 ቶን ያህል ደንገል ከጣናችን አስጭዶ ወደ ግብፅ ወሰደ። መርከቡንም በፒራሚዶቹ አጠገብ በሥዕሉ መሠረት የሠሩለት ከቻድ ባሕር ዳር የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ስሙን «ራ» አለው። ከሰባት አገር የተውጣጡ ሰባት ሰዎች፥ አንዱም ከሠሪዎቹ መካከል የሆነው የቻድ ሰው፥ ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሡ።

ከብዙ ሳምንት በኋላ የመርከቡ ጅራት ወደ ውሃ ይሰጥም ጀመር። ያን ጊዜ የተገለጠላቸው ነገር ይህ ነው። በግብፃውያን ሥዕል ላይ ከታጠፈው ጅራት ተነሥቶ ወደ መርከቡ ወለል የሚወርድ አንድ ገመድ አለ። የቻድ ታንኳ እንዲህ ያለ ገመድ የለውም፤ ስለዚህ ገመዱ ጅራቱን ለማጕበጥ ብቻ የተሣለ መስሏቸው ትተውት ነበረ። ለካ ገመዱ እንደ ደጋን አውታር ሆኖ ጅራቱን በማዕበል ላይ ወጥሮ የሚይዝ ኖሯል። መርከቡ ከአሜሪካ ደሴቶች ሳይደርስ በሐምሌ ወር ተተወ። ሥዕሉ በሺህ የሚቈጠር ዓመት ሳይፋቅ ቆይቶ ነበረ፤ ገመዱ ለምን እንደ ሆነ የሚያውቀው አፍ ግን ከሥዕሉ በፊት ሞተ፤ ያንንም አንድ ቃል ለማግኘት የሰባት ሰው ነፍስ በውቅያኖስ መካከል መጨነቅ አስፈለገው።

በሚከተለው ዓመት ሁለተኛው «ራ» ከኢትዮጵያ በመጣ ደንገል ተሠራ፤ ሠሪዎቹ በዚህ ጊዜ ከደቡብ አሜሪካ ከቲቲካካ ባሕር የመጡ የቦሊቪያ ሰዎች ነበሩ። ገመዱም በቦታው ገባ። ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሳፊ ተነሥቶ በ57 ቀን፥ ሐምሌ 5፥ ባርቤዶስ ደረሰ። ያ መርከብ ዛሬ በኦስሎ ከተማ በኮን ቲኪ ቤተ መዘክር ተጠብቆ ይኖራል። ሄየርዳል መጽሐፍ ጻፈ፥ ሲኒማም ተነሣ፤ ከተሳፋሪዎቹም የመስኮቡ ሐኪምና የሜክሲኮው ሊቅ የየራሳቸውን ጻፉ።

ሦስተኛውና በኢራቅ ሸምበቆ የተሠራው «ጢግሮስ» በራሳችን ደጃፍ ነው ያለቀው። በቀይ ባሕርና በአፍሪካ ቀንድ በዚያን ጊዜ ጦርነት ስለ በረታ መንገዱ ተዘጋበትና ባለቤቶቹ መጋቢት 25 ቀን 1970 ዓ.ም. በጅቡቲ ለጦርነቱ መቃወሚያ ይሆን ዘንድ በእሳት አቃጠሉት። መርከቡ ነደደ፤ ታሪኩ ግን ስለ ተጻፈ አልነደደም።

ነገሩን ስናመዛዝነው እንዲህ ይሆናል። የኢትዮጵያ ደንገል በኦስሎ ጣራ ተሠርቶለታል፤ 57 ቀን የተጓዙትም ሰዎች የተናገሩት በየቋንቋው ታትሟል። ዕድሜውን ሙሉ በጣና ላይ የቀዘፈው ሰው ግን እስካሁን ድረስ ጠያቂው ጥቂት ነው። ለዚህ ሩቅ ምሳሌ መፈለግም አያሻም። በዚሁ በቂርቆስ በኩል ያለው ለገሃር በ1922 ዓ.ም. ተመርቆ ሕንጻው ቆሟል፥ በፊቱም የአንበሳው ሐውልት አለ፤ አሮጌውን ባቡር ይነዱ፥ እሳቱን ይማግዱ፥ ሐዲዱን ይጠብቁ የነበሩት ግን አንድ አንድ እያሉ ያልፋሉ። ብረት ስለሚቆይ ሰውም የሚቆይ ይመስለናል።

በጣና ላይ ያለው ሁኔታ የሚያስቸኩል ነው። ወደ ገዳማቱ የሚሄደው ምእመንና ጎብኚ በሞተር ጀልባ ይሄዳል፤ ታንኳ የቀረው ለዓሣ አጥማጁና ለማገዶ ጫኙ ነው። የባሕሩ ዳር ለእርሻ እየታረሰ ደንገሉ ሳስቷል፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህም እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ባሕሩን ወርሮታል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከሚጠበቁት የዓለም የሕይወት ክልሎች ተቈጥሯል፤ ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን መዝገቡ ወፉንና ዓሣውን እንጂ የቀዛፊውን ቃል አይጽፍም።

ይህን የሚጽፍ ሰው ከሩቅ እስኪመጣ መጠበቅ አይገባም። በየደሴቱ ንባብና ጽሕፈት የሚያውቁ መነኮሳትና ዲያቆናት አሉ፤ ማዶ ለማዶም ከወይጦ ሽማግሌዎች ጋራ ይተያያሉ። ጥያቄውም ቀላል ነው። ደንገሉ በየትኛው ወር ይታጨዳል፥ ስንት ቀንስ ይደርቃል? ልጡ ከምን ዛፍ ይላጣል? እስሩ ከፊት ይጀመራል ወይስ ከኋላ? ከጎርጎራ እስከ ባሕር ዳር ያሉት ማረፊያዎች ስማቸው ማን ማን ነው? ነፋሶቹስ? አሮጌው ቋንቋ ትቶት የሄደ ቃል ከመካከላቸው ይገኝ ይሆን? አንድ ዲያቆን ደብተርና እርሳስ ይዞ በአንድ በጋ ሊፈጽመው የሚችል ሥራ ነው። የተጻፈውም በየገዳሙ ዕቃ ቤት ከብራናዎቹ አጠገብ ቢቀመጥ ቦታው ነው፤ ብራናዎቹም ወደዚያ የገቡት በታንኳ ነውና።