ብርሃን ወደ አፍ ውስጥ እንዴት ገባ? የጥርስ ፎቶ ታሪክ

 

ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ፣ ገና ሕክምናው ሳይጀመር ከንፈራችሁን በፕላስቲክ ከፍተው ፎቶ ሲያነሡዋችሁ «ይሄ ደግሞ ምን ይሠራላቸዋል?» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ዛሬ የምናወራው የዚያን ፎቶ ታሪክ ነው። ታሪኩ የጥርስ ብቻ አይደለም፤ የብርሃን ታሪክም ነው። እኛንም በቀጥታ ይነካናል፤ እንዴት እንደሆነ ወደ በኋላ እንደርስበታለን።

ነገሩ የሚጀምረው በፈረንጆች 1839 ነው። በዚያ ዓመት የሉዊ ዳጌር የፎቶ አነሣሥ ዘዴ ፓሪስ ላይ ይፋ ሆነ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ የጥርስ ሐኪሞች የሙያ መጽሔት መታተም ጀመረ፤ በ1840 ደግሞ የባልቲሞር የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ተቋቋመ። ፎቶና ዘመናዊው የጥርስ ሕክምና እኩያሞች ናቸው ማለት ነው። እንዲያውም በ1840 ኒው ዮርክ ላይ የሰው መልክ የሚነሣበትን ፎቶ ቤት ቀድሞ የከፈተው አሌክሳንደር ዎልኮት የጥርስ ሕክምና መሣሪያ ይሠራ ነበር። ካሜራው ብርሃን የሚሰበስበው በሌንስ ሳይሆን በጎድጓዳ መስተዋት ነበር።

ግን ፊትን ማንሣትና የአፍን ውስጥ ማንሣት ለየቅል ናቸው። አፍ እንደ ዋሻ ነው፤ ጨለማ፣ ጠባብና እርጥብ። በ1896፣ ራጅ በተገኘ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ጀርመናዊው የጥርስ ሐኪም ኦቶ ቫልክሆፍ የገዛ ጥርሱን በራጅ ሲያነሣ 25 ደቂቃ ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት። ራጅ ደግሞ አጥንትና ጥርስ ያሳያል እንጂ የድድን ቀለም አያሳይም።

ለቀለሙ መፍትሔ የመጣው በ1952 ነው። አሜሪካዊው ሌስተር ዳይን ለጥርስ ፎቶ ብሎ በሌንሱ ዙሪያ እንደ ቀለበት የሚታሰር ፍላሽ ሠራ። ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚመጣ ጉንጭና ከንፈር ጥላ አይጥሉም። በ1962 ኒኮን የቀለበት ፍላሹ ከሌንሱ ጋር አብሮ የተሠራለትን ሜዲካል ኒኮር አወጣ። ሐኪሙ የፎቶ ባለሙያ ሳይሆን ጥሩ ፎቶ ማንሣት ቻለ።

ታዲያ ብርሃን ደረሰ ማለት እውነቱ ታየ ማለት ነው? አይደለም! በዚያ ዘመን ፎቶ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት ኮዳክ በሚልከው ካርድ ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። «ሸርሊ» ይሏት ነበር። በእሷ ቆዳ የተለካ ቀለም የጥቁርን ሰው ፊት ጭፍን ያደርገዋል። ኩባንያው ፊልሙን እንዲያሻሽል ከገፋፉት መካከል የቸኮላትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ነበሩበት፤ የቡናማውን ልዩነት ፊልሙ ስላላወጣላቸው ነው።

ዛሬ በዲጂታል ካሜራም ችግሩ በሌላ መልኩ አለ። በራሱ እንዲለካ የተተወ ካሜራ ነጭ ጥርስ ፊቱን ሲሞላው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ያኔ ድዱ ካለው በላይ ይጠቁራል።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። የብዙዎቻችን ድድ በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ነው፤ ይህ በሽታ አይደለም። ከዚያ ደግሞ ንቅሳት አለ። እናቶቻችን በልጅነታቸው ለውበት ብለው ድዳቸውን በእሾህ ወይም በመርፌ እየተወጉ፣ በጥላሸት ተነቅሰዋል። እስቲ አንዲት እናታችንን አስቡ፤ ዕብራይስጡ አይሆንላቸውም፣ ሐኪሙም ንቅሳት አይቶ አያውቅም። ድዱ ጥቁር ነው። ነገሩ ጤና ነው ወይስ ሕመም? ሲጠቁር የኖረ ነው ወይስ አዲስ? በተቃራኒውም አስቡት፤ «የእነሱ ድድ እንዲህ ነው» ተብሎ አዲስ የወጣ ጥቁር ነጥብ ሊታለፍ ይችላል። ሁለቱንም ጥያቄ በደንብ የሚመልስ ከዓመታት በፊት በትክክል የተነሣ ፎቶ ነው።

በትክክል የተነሣ ማለት ምን ማለት ነው? ምራቁ ደርቆ፣ ጉንጩ በደንብ ተከፍቶ፣ የኋላው ጥርስ በመስተዋት ታይቶ ነው። መስተዋቱ ቀደም ብሎ ካልሞቀ በትንፋሽ ይሸፈናል። የጥርስ ቀለም መለኪያው ከጥርሱ ጎን ተይዞ አብሮ ይነሣል። ከሁሉ በላይ የዛሬውና የከርሞው ፎቶ በአንድ ርቀት፣ በአንድ ብርሃን፣ በአንድ አቅጣጫ መነሣት አለባቸው፤ አለዚያ ማወዳደር አይቻልም። ስልክ አፍ ላይ አስጠግቶ ማንሣትም የፊት ጥርስን ያገዝፋል፤ መልኩን ያዛባል።

በመጨረሻም መብታችንን እንወቅ። በእስራኤል የ1996ቱ የታካሚ መብት ሕግ የሕክምና ምስጢራችንን ይጠብቃል፤ ከመዝገባችን ቅጂ የመውሰድ መብትም ይሰጠናል። ስለዚህ ቁፓት ሖሊምም ሆነ የግል ክሊኒክ ስትሄዱ «ፎቶው ለምንድን ነው? ማን ያየዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለማስታወቂያ ከፈለጉት እምቢ ማለት ትችላላችሁ። ለሕክምና ከሆነ ግን አትሽሹት። ክሊኒክ ስትቀይሩም ቅጂውን ይዛችሁ ሂዱ።

ልጆችም፣ እናታችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ስለ ንቅሳቱ ለሐኪሙ ንገሩልን። መዝገቡ ላይ ይጻፍ፣ ፎቶውም አብሮ ይቀመጥ። እናትዬው ያፈሩበት ነገር አይደለም፤ የአገራቸው ጌጥ ነው።