ይሄ የልጆች ነው ያለው ማነው?

«ይሄ እኮ የልጆች ነው!» ለማለት የጃፓን አር ፒ ጂ ጌም አንድ ደቂቃ ማየት ይበቃል። ጭንቅላቱ የሰውነቱን ግማሽ የሚሆን ልጅ ሰይፍ ይዞ ቱር ቱር ይላል። የሚዋጋው ደግሞ ፈገግ ከሚል ሰማያዊ ጠብታ ጋር ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ሥራ የያዘ፣ ምናልባትም ልጅ የወለደ ሰው እዚህ ፊት አርባ ሰዓት የሚቀመጠው ምን አግኝቶ ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ስዕሉን ከማየት ይልቅ ስዕሉ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይሻላል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸው ልብ ይባልልኝ።)

ለማያውቅ ባጭሩ፦ አር ፒ ጂ ማለት የአንድን ገጸ ባህርይ ሚና ይዛችሁ ከከተማ ከተማ እየዞራችሁ ሰው የምታናግሩበት፣ ተራ በተራ የምትዋጉበት፣ በተዋጋችሁ ቁጥር እየጠነከራችሁ የምትሄዱበት ጌም ነው። የጣት ፍጥነት ብዙም አይጠይቅም። ማንበብ ነው፣ ማሰብ ነው። በየሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ብዙም የማይታየውም ለዚህ ይመስለኛል። በጨዋታ እየተከፈለ፣ ጓደኛ ከኋላ ቆሞ ተራ እየጠበቀ ማን አርባ ሰዓት ያነባል? እዚያ ንጉሡ ኳስ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአሜሪካ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዊዛርድሪ እና አልቲማ የሚባሉ ጌሞች በአፕል ኮምፒውተር ላይ ነግሠው ነበር። ጨለማ፣ ቁጥር የበዛባቸው፣ ትዕግሥት የሚፈታተኑ ነበሩ። ዩጂ ሆሪ የተባለ ለጃፓን የኮሚክስ መጽሔት ስለ ጌም የሚጽፍ ሰው እና ኮይቺ ናካሙራ የተባለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ኤኒክስ የተባለው ኩባንያ ያዘጋጀውን የፕሮግራም ውድድር አሸነፉ። በሽልማቱም በ1983 ሳን ፍራንሲስኮ ሄደው ዊዛርድሪን አዩ። ሁለቱም ተለከፉ። ሆሪ ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው፤ ይህን ነገር ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ሰውም ሊጫወተው ይገባል አለ።

ግንቦት 27 ቀን 1986 ድራጎን ኩዌስት ፋሚኮም በተባለው የኒንቴንዶ ማሽን ወጣ። ጠቅላላ ጌሙ 64 ኪሎባይት ነው። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ቦታው እጅግ ከመጥበቡ የተነሳ ካታካና ከሚባለው የጃፓን ፊደል ሃያ ያህሉን ብቻ መርጠው የጭራቆችንና የአስማቶችን ስም በእነሱ ብቻ አወጡ። ከፊደል ገበታችን ሃያ ፊደል ብቻ ተሰጥቷችሁ ለዓለም ሁሉ ስም አውጡ ብትባሉ አስቡት! የሰው ምስልም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው የሚሣልበት ቦታ 16 ነጥብ በ16 ነጥብ ነው። በተፈጥሮ መጠኑ ከተሣለ ፊቱ የሁለት ነጥብ ጭረት ይሆናል፣ ማን እንደሆነም አይለይም። ስለዚህ ጭንቅላቱ አደገ፣ እግሩ አጠረ። ይሄ የልጅነት መልክ እንግዲህ በከፊል የቦታ ጥበት የወለደው ነው።

የቀረው የአኪራ ቶሪያማ ሥራ ነው። አዎ፣ የድራጎን ቦሉ ቶሪያማ (በመጋቢት 2024 ያረፈው)። ስላይም የተባለውን ጭራቅ ሆሪ በረቂቁ ላይ ዝልግልግ ክምር አድርጎ ነበር የሣለው። ቶሪያማ የመለሰለት ፈገግ የሚል የውሃ ጠብታ ነው። ሙዚቃውን የሠራው ኮይቺ ሱጊያማ ደግሞ ያን ጊዜ 55 ዓመቱ ነበር። ለቴሌቪዥንና ለማስታወቂያ ሙዚቃ የሚሠራ የታወቀ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ከኤኒክስ የሾጊ (የጃፓን ቼዝ) ጌም ጋር የመጣውን የአስተያየት ካርድ ሞልቶ በፖስታ ላከ። ኩባንያው ያ ሱጊያማ ራሱ መሆኑን ሲያውቅ ሥራ ሰጠው። እንግዲህ ቁጠሩ፦ ደራሲው 32፣ ሠዓሊው 31፣ ሙዚቀኛው 55። «የልጆች» የተባለውን ነገር የሠሩት እነዚህ ናቸው።

በነገራችን ላይ የካቲት 10 ቀን 1988 ሦስተኛው ሲወጣ ዕለቱ ረቡዕ ነበርና ከትምህርት ቤት የቀሩ ልጆች ሰልፉን አጥለቀለቁት። ከዚያ በኋላ መንግሥት ድራጎን ኩዌስት በሥራ ቀን እንዳይሸጥ ሕግ አወጣ እየተባለ በዓለም ሁሉ ይወራል። እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ኩባንያው ራሱ ነው ቀጣዮቹን በዕረፍት ቀን ያወጣው። ለማንኛውም ጥሩ ወሬ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በ1992 ድራጎን ኩዌስት 5 ወጣ። (ታሪኩን ልናገር ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ምስጢር የለምና እንዳትቀየሙኝ።) ስትጀምሩ ከአባታችሁ ከፓፓስ ጋር የምትዞሩ ትንሽ ልጅ ናችሁ። ጭራቅ ሲመጣ በዱላ ትመታላችሁ፣ እምብዛም አይጎዳም። አባታችሁን ማዘዝ አትችሉም፣ በራሱ ይዋጋል፣ ቶሎም ይጨርሰዋል። ውጊያው ሲያልቅ ሳትጠይቁት ቁስላችሁን ይፈውሳል። ይህ ብዙ ጊዜ ስለሚደጋገም ልብ ማለት ትተዋላችሁ። በኋላ ጠላት እናንተን ይዞ አንገታችሁ ላይ ስለት ሲያሳርፍ፣ ያ በአንድ ምት የሚጥል አባት እጁን ሳያነሳ ይቆማል። የውጊያው ስክሪን ላይ እንደወትሮው ተራው ይደርሰዋል፣ እሱ ግን ዝም ብሎ ይችለዋል። እስኪሞት ድረስ።

ከዚያ አሥር ዓመት ባሪያ ሆናችሁ ድንጋይ ትሸከማላችሁ። ታመልጣላችሁ። ሚስት ምረጡ ትባላላችሁ፦ አንዷ ተራራ መንደር የታመመ አባቷን የምታስታምም አብሮ አደጋችሁ ቢያንካ፣ ሌላዋ የሀብታም ልጅ ፍሎራ፤ ከአማት ስጦታም ይመጣል። (ጃፓኖች በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔ ቢያንካ።) መንታ ትወልዳላችሁ፣ ወዲያው ወደ ድንጋይ ሐውልት ትቀየራላችሁ፣ ስምንት ዓመት ያህል እንደቆማችሁ ልጆቻችሁ ያለ እናንተ ያድጋሉ። ፈልገው የሚያገኟችሁም እነሱ ናቸው። እስከዚያ ድረስ ተሸክማችሁ የዞራችሁትን፣ አባታችሁ የተወላችሁን የሰማይ ሰይፍ እናንተ ልትታጠቁት አትችሉም ነበር። ልጃችሁ ይታጠቀዋል። የትንቢቱ ጀግና እሱ ነው። እናንተ የጀግናው አባት ናችሁ፣ በቃ።

ይህን በአሥራ ሁለት ዓመቱ የተጫወተ ልጅ በፓፓስ ሞት ያለቅሳል። ልጅ ወልዶ የተጫወተ ሰው ግን ገና ከመጀመሪያው፣ ያ ቁስል በተፈወሰ ቁጥር፣ ሌላ ነገር ያያል። ስዕሉ ያው ድብልብል አሻንጉሊት ነው። እንዲያውም እኔ እንደሚመስለኝ ትንሽነቱ ይጠቅመዋል፤ በ16 ነጥብ እንባ አይሣልም፣ ስለዚህ የአባትየውን ፊት የሚሞላው አንባቢው ራሱ ነው፣ የሚሞላውም ከሚያውቀው ፊት ነው።

ሌላው ሰው ሺጌሳቶ ኢቶይ ነው። ጌም ሠሪ አልነበረም፤ በጃፓን የታወቀ የማስታወቂያ ጸሐፊ ሆኖ ሳለ በ1989፣ በ40 ዓመቱ፣ ማዘር የተባለውን ጌም ሠራ። በ1994 በወጣው ሁለተኛው ላይ የልጁ አባት አንድም ጊዜ አይታይም። ድምፁ በስልክ ይሰማል፣ ገንዘብ ባንክ ያስገባል። ብዙ ሰዓት ከተጫወታችሁ ይደውልና ዕረፍት አድርግ ይላል። ልጁ ከቤት ከራቀ አንዳንዴ ናፍቆት ይይዘዋል፣ መዋጋቱን ይተዋል። መድኃኒት የለውም፤ እናቱ ጋ መደወል ነው። ወላጁ ዓረብ አገር ሆኖ ብር እየላከ ያደገ ሰው ይህን ጌም ለመረዳት የማንም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ይሄው ጌም በ1995 አሜሪካ ሲገባ ማስታወቂያው ሽታ ያለው ወረቀት ነበር፤ «ይገማል» የሚል ቀልድ። አልተሸጠም። አሜሪካኖቹ ከዚያ በፊትም በ1989 የመጀመሪያውን ድራጎን ኩዌስት ሲያስገቡ የቶሪያማን ስዕል አውጥተው በፈረንጅ ባላባት ተክተውት ነበር። «የልጆች ነው» የሚለው ወሬ ወደ እኛ የደረሰው በአብዛኛው በዚያ በኩል ይመስለኛል። ጃፓኖችም ቢሆኑ ተፈትነዋል። ፋይናል ፋንታሲ 8 በ1999 ሰዎቹን በእውነተኛ መጠናቸው ሠራ፣ በደንብም ተሸጠ። በ2000 የወጣው 9ኛው ሆን ብሎ ወደ ትልቅ ጭንቅላት ተመለሰ፣ ያነሰ ተሸጠ። ከእሱ የማይረሳው ግን ፊቱ እንኳ የማይታየው ቪቪ ነው፤ ለጦር መሣሪያነት በፋብሪካ እንደተሠራና እንደሱ ያሉት አንድ ዓመት ገደማ ኖረው «እንደሚቆሙ» የሚሰማው ትንሽ አስማተኛ። የነሱ መንደር ሰዎች ሞት የሚለውን ነገር ስላላወቁ ነው «ቆመ» የሚሉት።

አንዋሽም፤ ሁሉም እንዲህ አይደለም። በርካታው የጃፓን አር ፒ ጂ ከመልኩም ከጽሑፉም የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው፣ ዓለምን በጓደኝነት ኃይል ሲያድን ያድራል። ደረጃ ለመጨመር ብቻ አንድ ሜዳ ላይ ሁለት ሰዓት መዋጋትም ሥራ ላለው ሰው ስቃይ ነው። ግን ይህ ጉድለት ፂም ባላቸው፣ ደም በሚረጩት ጌሞችም ሞልቷል፤ እነሱን «የልጆች» የሚላቸው የለም።

በ2019 ድራጎን ኩዌስት 5 በጃፓን ፊልም ሆነ። ሲኒማ ቤት የገቡት ብዙዎቹ የ1992 ልጆች ነበሩ፣ አንዳንዶቹ የራሳቸውን ልጅ ይዘው። ፊልሙ መጨረሻው ላይ ድንገት ይቆምና ሁሉም ነገር ጌም እንደነበረ ይገለጻል፤ አንድ ቫይረስ ብቅ ብሎ ጀግናውን ትልቅ ሰው ሁን ብሎ ያፌዝበታል። ጀግናው እሺ አላለም፣ ፊልሙም በእሱ በኩል ነው። ተመልካቹ ግን ተቆጣ፤ ይህን ስድብ ቲኬት ገዝቶ መስማት አልፈለገም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 23 ቀን 2021፣ በቶኪዮ ኦሊምፒክ መክፈቻ የዓለም አገሮች (የኛም ባንዲራ ጭምር) በጌም ሙዚቃ ታጅበው ስታዲየም ገቡ። ሰልፉን የከፈተው ያ የሾጊ ካርድ የሞላው ሽማግሌ ለድራጎን ኩዌስት የደረሰው ማርሽ ነበር። ሱጊያማ ያን ጊዜ 90 ዓመቱ ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ አረፈ።