የዳር አገር ወሬ ማን ይጻፈው?

«ጋዜጠኝነት ተምረሽ ጨረስሽ፤ ጋዜጣው ግን የት አለ?» ትለኛለች አንዷ ጓደኛዬ ባገኘችኝ ቁጥር፡፡ ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ቀልድ ብቻ አይደለም፡፡ አዟሪዎች ክንድ ላይ ይደረደር የነበረው የጋዜጣ ዓይነት ሳስቷል፡፡ ዛሬ መልሴን በታሪክ በኩል አዙሬ ላመጣላት አስቤያለሁ፡፡ መነሻዬም አራት ኪሎ ሳይሆን አብደራፊ ነው፡፡

አብደራፊን ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ፡፡ በምዕራብ አርማጭሆ፣ ከሱዳን ድንበር አጠገብ ያለች የቆላ ከተማ ናት፡፡ ዙሪያዋ ጥቁር አፈር የለበሰ፣ ሰሊጥና ማሽላ የሚበቅልበት ሜዳ ነው፡፡ ክረምት ሲገባ ለአረም፣ ከመስከረም ወዲህ ደግሞ ለአጨዳ የቀን ሠራተኛው ከደጋው እየጎረፈ ይወርዳል፡፡ ሰሊጥ ቀጠሮ አያከብርም፤ ደርሶ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል፡፡ ስለዚህ እዚያ አገር ወሬ ማለት ሥራ ፈት የሚያወራው ነገር አይደለም፡፡ የቀን ሒሳቡ ስንት ገባ? መንገዱ ሰላም ነው? ካላዛር የት ይታከማል? ይኼን ቀድሞ ያወቀ ያተርፋል፤ ያላወቀ ገንዘቡን፣ አንዳንዴም ሕይወቱን ይከፍላል፡፡

ያ አካባቢ በወሬ መዘዝ አገር ሲናጥ ያየ ነው፡፡ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የአፄ ዮሐንስ ጦር ደርቡሾቹን ገፍቶ ድሉ በእጁ ሊገባ ሲል ንጉሠ ነገሥቱ ቆሰሉ፡፡ ሠራዊቱን የፈታው ከጥይቱ ይልቅ «ንጉሡ ተመቱ» የሚለው ወሬ ነበር፡፡ ንጉሡ በማግስቱ ዐረፉ፤ አስከሬናቸው በጠላት እጅ ወደቀ፤ ራሳቸውም ኦምዱርማን ድረስ ተወሰደ፡፡ አውሮፓ ይኼን ታሪክ ካነበበባቸው መጻሕፍት አንዱን የጻፈው ያኔ ኦምዱርማን ውስጥ ምርኮኛ የነበረው ኦስትሪያዊው ስላቲን ፓሻ ነው፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1896 በእንግሊዝኛ ወጣ፡፡ ልብ በሉ! የተዋጋው ሌላ፣ የጻፈው ሌላ፡፡

ከዚያም በኋላ ነገሩ ብዙ አልተለወጠም፡፡ በ1894 ዓ.ም. ምኒልክና እንግሊዝ የድንበር ውል ሲፈራረሙ፣ በዓመቱም ሻለቃ ግዊን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን መስመሩን መሬት ላይ ሲያሰምር የዚያ አገር ገበሬ ምን እንዳለ የጻፈ ጋዜጣ አልነበረም፡፡ ብርሃንና ሰላም በ1917፣ አዲስ ዘመን በ1933 ዓ.ም. ቢመጡም ማተሚያ ቤቱ አዲስ አበባ፣ አንባቢውም በአብዛኛው ከተሜ ነበር፡፡ ቆላው ወሬ የሚሰማው በሬዲዮ ሆነ፡፡ በ1957 ዓ.ም. የጀመረው የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ክፍል፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ የአሜሪካ ድምፅ ተከተለው፡፡ የአብደራፊ ሰው ስለ ራሱ አገር ከጀርመንና ከዋሽንግተን ይሰማ ነበር ማለት ነው፡፡

ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው፡፡ በመጀመሪያ የተጠቀሙበት በውጭ ያሉት ወገኖቻችን ናቸው፤ ኢትዮሚዲያን፣ ናዝሬት ዶት ኮምን የመሳሰሉ ድረ ገጾች ከባሕር ማዶ የአገር ቤቱን ፖለቲካ ያሟሙቁት ነበር፡፡ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የሞባይል አጭር መልእክት ተዘጋ፤ የተከፈተው ሚሊኒየሙን ስንቀበል ነው፡፡ በ1998 ድረ ገጾችና ጦማሮች ከአገር ውስጥ እንዳይታዩ ታገዱ፡፡ በ2002 አዲስ ነገር ጋዜጣ ሲዘጋ አዘጋጆቹ ተሰደው በድረ ገጽ ቀጠሉ፡፡ በሚያዝያ 2006 ስድስት የዞን 9 ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ፡፡

ግን ሌላም ጎን አለው፡፡ ከታሰሩት ጋዜጠኞች አንዱ ተስፋለም ወልደየስ በኋላ «ኢትዮጵያ ኢንሳይደር» የተባለውን የበይነ መረብ መገናኛ ብዙኃን መሠረተ፡፡ አዲስ ስታንዳርድ በ2009 ዓ.ም. መባቻ፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን የኅትመት መጽሔቱን ቢያቆምም በድረ ገጽ ቀጠለ፡፡ ማተሚያ ቤት ሲዘጋ ጋዜጣ ይሞት የነበረበት ዘመን አለፈ ማለት ነው፡፡ በሰኔ 2010 ደግሞ ከ200 በላይ የታገዱ ድረ ገጾች ተከፈቱ፡፡

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፡፡ በ2013 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ የሱዳን ጦር አልፋሽቃ ገብቶ ድንበሩ ሲታመስ ገና ተማሪ ነበርኩ፡፡ በፌስቡክ አንድ ፎቶ ይዞራል፤ «አብደራፊ እየነደደች ነው» ይላል፡፡ ሺዎች ተቀባብለውታል፡፡ እኔም ልቀባበለው ጣቴን ካነሣሁ በኋላ እዚያው የሚኖሩት የእናቴ ወንድም ትዝ አሉኝና ላክሁላቸው፡፡ ብዙም አልቆዩ፣ ደወሉ፡፡

«ልጄ፣ ይኼ ተራራ ከየት መጣ?»

አየሁት፡፡ ከጭሱ ጀርባ ገደላ ገደል ተደርድሯል፡፡ የእነሱ አገር ደግሞ ዐይን እስኪታክት ሜዳ ነው! ከዚያ አጎቴ እውነተኛውን ነገሩኝ፤ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ፣ የማን ሰሊጥ ማሳ ላይ እንደቀረ፡፡ ያን የጻፈ ግን አላየሁም፡፡ ውሸቱ ሺዎች ጋ ሲደርስ እውነቱ እኔ ጆሮ ላይ ቀረ፡፡ አራት ዓመት ከተማርኩት ሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ያ ስልክ ነው፡፡

እንግዲህ «ዕድሉ የት አለ?» ለምትለኝ ጓደኛዬ መልሴ ይኼው ነው፡፡ ዕድሉ በአጎቴና በዚያ ፎቶ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ነው፡፡ ዛሬ ዘገባ ለመሥራት ማተሚያ ቤት አያስፈልግም፤ ስልክ፣ የታመነ የአገር ሰውና ትዕግሥት ይበቃል፡፡ የሳተላይት ምስል በነፃ ይታያል፤ ተራራ መኖር አለመኖሩን ለማጣራት ደቂቃ አይፈጅም፡፡ የጠረፍ ከተማ ልጅ ዐረብኛም ትግርኛም ይሰማል፤ ይኼ ከዋና ከተማ ዴስክ የማይገኝ ሀብት ነው፡፡ ሚያዝያ 2015 ካርቱም በጦርነት ስትናጥ በመተማ በኩል የገባው ስደተኛ ሁሉ በእጁ ስልክ፣ በልቡ ታሪክ ይዞ ነበር፡፡

እርግጥ መንገዱ አልጋ በአልጋ አይደለም፡፡ በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ክልሉ ለብዙ ወራት ጨልሞበት ከረመ፡፡ ሕጉም አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሠራጨ እስከ 3 ዓመት ሊታሰር ይችላል፡፡ ገንዘቡም ቢሆን ወደሚጮኸው ርእስ እንጂ ወደተጣራው ወሬ አይሮጥም፡፡ እኔም እስካሁን ከዚህ ሥራ የቤት ኪራይ የሚከፍል ገቢ አላገኘሁም፤ አልዋሽም፡፡

ቢሆንም ከ1881 ዓ.ም. ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የዳር አገር ሰው ወሬውን ራሱ ጽፎ በዚያው ቀን ለዓለም የሚያደርስበት መሣሪያ አግኝቷል፡፡ እኛ ካልያዝነው ተራራ የሌለበት አገር ላይ ተራራ የሚተክሉት ይይዙታል፡፡ ጓደኛዬ ሆይ፣ ጋዜጣው የት አለ ብለሽኝ ነበር… የአጎቴ ስልክ ውስጥ ነው፡፡ የቀረው ጸሐፊ ነው፡፡

ቸር ወሬ ያሰማን!